ካርታው «ውሃን በደንብ ያንጣፍፋል» ያለው ማሳ ለምን ውሃ ተኛበት? የባሕር ጠረፍ እርከን ሎም አፈር ባሕርይና ምደባ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አገር ቤት በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሠሩ ባለሙያ ናቸው። አሁን በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ ክሩዝ ካውንቲ፣ ከዋትሰንቪል ከተማ አቅራቢያ ከባሕሩ ከፍ ብሎ በተቀመጠ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ሦስት ሄክታር ያህል ለስትሮበሪ ሊከራዩ አስበዋል። «የአፈር ካርታው ቦታውን ኤልክሆርን አሸዋማ ሎም፣ ውሃን በደንብ የሚያንጣፍፍ ይለዋል። ከሥሩ ደግሞ ፋይን-ሎሚ፣ ሚክስድ፣ ሱፐርአክቲቭ፣ ተርሚክ ፓኪክ አርጂዜሮልስ የሚል ረጅም ስም አለ። በየካቲት ሄጄ ሳየው ግን በአንዱ ጥግ ውሃ ተኝቶበት አገኘሁት። እኔ የለመድኩት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና ግብርና ድርጅትን፣ የፋኦን ምደባ ነው። ይህ ስም ምን ይነግረኛል? ካርታውስ ተሳስቷል?» ብለው ጠይቀዋል።

ከሁለተኛው ልጀምር። ካርታው ላይሳሳት ይችላል፤ ያ ጥግ ግን ኤልክሆርን አይመስለኝም። በእነዚያ እርከኖች ላይ ከኤልክሆርን ጎን ለጎን ዋትሰንቪል የሚባል፣ በከተማዋ ስም የተሰየመ ሌላ አፈር አለ፤ ከላይ ሲያዩት ሁለቱ እጅግ ይመሳሰላሉ፣ ከሥር ግን ፈጽሞ አይገናኙም። የዚህ ምላሽ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ በባሕር ጠረፍ እርከን ላይ የላይኛው አፈር ሎም (አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ የተቀላቀሉበት አፈር) መሆኑ ስለ ውሃው አካሄድ የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ውሃው ይወርድ ወይም ይተኛ እንደሆነ የሚወስነው ከ40 እስከ 100 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ንብርብር ነው፤ የዚያ ንብርብር ጠባይ ደግሞ በአብዛኛው ከእርከኑ ዕድሜ የመጣ ነው። የምደባው ረጅም ስምም ቢሆን በትክክል ከተነበበ የሚናገረው ስለዚሁ የሥረኛ ንብርብር ነው።

እርከን ስንል አንባቢ ወዲያው የሚያስበው የኮንሶን የድንጋይ እርከን ሊሆን ስለሚችል፣ እዚህ የምንናገረው የሰው እጅ ስላልነካው፣ ባሕር ራሱ ስለቆረጠው እርከን መሆኑን ላስቀድም። ማዕበል የጠረፉን ገደል ከእግሩ ሥር እየበላ ወደ ኋላ ሲገፋው፣ ከገደሉ በታች ወደ ባሕሩ በጥቂቱ ያዘነበለ የአለት ሜዳ ይቀራል። በካሊፎርኒያ ጠረፍ የምድር ቅርፊት ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየተነሣ ነው፤ የባሕሩም ወለል በበረዶ ዘመናትና በሞቃት ዘመናት መካከል ከፍ ዝቅ ሲል ኖሯል፣ ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት አሁን ካለበት 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። እያንዳንዱ ሞቃት ዘመን ባሕሩን ከፍ አድርጎ አንድ ሜዳ ያስቆርጣል፤ ባሕሩ ሲሸሽና መሬቱ ሲነሣ ያ ሜዳ ደርቆ ይቀራል፤ ቀጣዩ ከፍታ ደግሞ ከእሱ በታች ሌላ ይቆርጣል። ስለዚህ ከባሕሩ ወደ ተራራው በወጡ ቁጥር የሚረግጡት ደረጃ ዕድሜው እየገፋ ይሄዳል። ምድሪቱ ዛሬም ዕረፍት የላትም፤ ጥቅምት 1989 እ.ኤ.አ. በሳንታ ክሩዝ ተራሮች የተነሣውና መጠኑ 6.9 የነበረው የሎማ ፕሪየታ የመሬት መንቀጥቀጥ የዚያ የማያቋርጥ እንቅስቃሴ አንዱ ምልክት ነበር።

የእርከኖቹን ዕድሜ በተመለከተ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በሳንታ ክሩዝ ላይ የወጣ አንድ ጥናት በአሸዋው ውስጥ በጠፈር ጨረር የሚፈጠሩትን የቤሪሊየምና የአሉሚኒየም ዓይነቶች ለክቶ ዝቅተኛውን እርከን 65,000፣ አምስተኛውን 226,000 ዓመት ገደማ ሰጥቶታል። ሌሎች ተመራማሪዎች ዝቅተኛውን ወደ 80,000 ዓመት ያስጠጉታል። ለእርስዎ ጉዳይ ልዩነቱ ብዙ አያስጨንቅም፤ ዋናው ነገር በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በመቶ ሺህ ዓመት የሚበላለጡ አፈሮች መኖራቸው ነው።

በአለቱ ሜዳ ላይ ባሕሩ የተወው አሸዋና ጠጠር ይነጠፋል፤ በላዩ ላይ ከተራራው የወረደ ደለል፣ አንዳንድ ቦታም ነፋስ ያመጣው አሸዋ ይደረባል። በሳንታ ክሩዝ በኩል ይህ ቁስ በብዛት የመጣው ከቤን ሎመንድ ተራራ ግራኒት ነው። ግራኒት ሲፈራርስ በውስጡ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን አሸዋ ሆኖ ይቀራል፤ ፌልድስፓር የተባለው ማዕድን ግን በዝናብ ውሃ እየሟሟ ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ ይለወጣል። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ በወጣትነቱ ውሃ እንደልቡ የሚያልፍበት አሸዋማ ሎም፣ ሲያረጅ ራሱን በራሱ የሚዘጋበት ምክንያት ከዚሁ ፌልድስፓር ይጀምራል።

አሁን ወደ ቃላቱ እንሂድ። «ሎም» እና «ሎሚ» በአሜሪካ ምደባ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ሎም የአንድ የቅንጣት ስብጥር ስም ነው፦ ሸክላው ከ7 እስከ 27 በመቶ፣ ደለሉ (ከአሸዋ የደቀቀው፣ ከሸክላ የጎላው ቅንጣት) ከ28 እስከ 50 በመቶ፣ አሸዋው ደግሞ ከ52 በመቶ የማይበልጥ ከሆነ አፈሩ ሎም ይባላል። ሎሚ ግን ሰፊ መደብ ነው፤ አሸዋማ ሎምን፣ ደለላማ ሎምን፣ ሸክላማ ሎምን ሁሉ ሊያቅፍ ይችላል። በዚህ መደብ ውስጥ «ፋይን-ሎሚ» ማለት ሸክላው ከ18 በመቶ ጀምሮ 35 በመቶ ሳይደርስ ማለት ነው፤ ከ18 ካነሰ «ኮርስ-ሎሚ» ይሆናል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የሚለካበት ቦታ ነው። ሸክላ ወርዶ የተጠራቀመበት ንብርብር ባለው አፈር ላይ ይህ መለኪያ የሚወሰደው ከዚያ ንብርብር የላይኛው 50 ሴንቲሜትር እንጂ ማረሻ ከሚደርስበት አፈር አይደለም። ስለዚህ ካርታዎ «አሸዋማ ሎም» ሲል ስለ ላይኛው፣ «ፋይን-ሎሚ» ሲል ስለ ሥረኛው መናገሩ ነው፤ ሁለቱ አይጋጩም፣ እርስ በርስ ይሟላሉ እንጂ።

«ውሃን በደንብ የሚያንጣፍፍ» የሚለውም ከዕለት ተዕለት ትርጉሙ ጠበብ ይላል። የአሜሪካ የአፈር ጥናት ውሃን ከመጠን በላይ ፈጥኖ ከሚያሳልፈው አፈር ጀምሮ ውሃ ሁልጊዜ እስከሚተኛበት ድረስ ሰባት ደረጃዎችን ያስቀምጣል። «በደንብ» የተባለው ደረጃ ውሃው ሳይዘገይ ነገር ግን ሳይጣደፍም የሚወርድበት፣ ነፃ ውሃ ቢኖርም በጥልቅ ብቻ የሚገኝበት፣ ሰብሉ በሚያድግበት ወቅት ሥሩን የሚያንቅ እርጥበት ለረጅም ጊዜ የማይቆይበት ነው። ውሃን አይዝም ማለት እንዳልሆነ ያስተውሉ፤ እንዲያውም ፈጥኖ ከሚያፈስሰው አሸዋ የሚበልጠው ትርፉን እየለቀቀ ለሥር የሚበቃውን ስለሚያስቀር ነው።

ይህ ጠባይ ከሸክላ ብዛት ጋር በቀጥታ እንደማይሄድ እርስዎ ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው ቀይ አፈር፣ ኒቲሶል፣ ሸክላው ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ሳለ ውሃን በደንብ ያሳልፋል፤ ምክንያቱም ሸክላው እንደ ለውዝ ፍሬ በተሰባበሩ፣ ገጻቸው በሚያብለጨልጭ ጥቃቅን ጓሎች የተደራጀ ነው። ዋልካው፣ ቨርቲሶል፣ በሸክላ ብዛት ከእሱ ጋር ሊቀራረብ ይችላል፤ ነገር ግን ሲርስ ያብጥና ስንጥቁን ሁሉ ስለሚዘጋ ውሃ ይተኛበታል። በባሕር ጠረፍ እርከን ላይም መጠየቅ ያለበት «ሸክላው ስንት ነው» ብቻ አይደለም፤ ሸክላው በምን ዓይነት ወሰን እንደሚጀምር፣ ቀስ በቀስ ነው ወይስ በድንገት የሚለው ይቀድማል።

አሁን ረጅሙን ስም ከኋላ ወደ ፊት እናንብበው። የአሜሪካው ሥርዓት፣ ሙሉ መልኩ በ1975 እ.ኤ.አ. ታትሞ በ1999 የተሻሻለው፣ አፈርን በስድስት የምደባ ደረጃ ይመድባል፤ ከላይ 12 ታላላቅ መደቦች አሉ፣ ከታች ኤልክሆርንን የመሳሰሉ የአካባቢ ስሞች። በ«አርጂዜሮልስ» መጨረሻ ላይ ያለችው «ኦል» ከላቲን «ሞሊስ»፣ ለስላሳ ከሚለው ቃል የተወሰደች ናት፤ አፈሩ ሞሊሶል መሆኑን ትነግረናለች። ሞሊሶል የሚያሰኘው በላይኛው ክፍል ያለው ወፍራምና ጥቁር ንብርብር ነው፦ ኦርጋኒክ ካርቦኑ ቢያንስ 0.6 በመቶ፣ ከአፈሩ ንጥረ ነገር የመያዝ አቅም ውስጥ ካልሲየምንና ማግኒዢየምን የመሰሉት የያዙት ድርሻ 50 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ፣ ሲደርቅም እንደ ጡብ የማይጠነክር። በጠረፉ ላይ ይህን ጥቁር አፈር የሠሩት በአብዛኛው ለብዙ ሺህ ዓመታት በእርከኑ ላይ የበቀሉና የበሰበሱ ሣሮች ናቸው።

«ዜር» ከግሪክ «ደረቅ» የሚለው ቃል ናት፤ የሚያመለክተው ክረምቱ እርጥብ፣ በጋው ደረቅ የሆነውን የሜዲትራኒያን ዓይነት አየር ነው። እዚህ ላይ የአገር ቤቱን ዘመን አቆጣጠር ሳይሆን የዝናቡን ወቅት ይገልብጡት፤ በሳንታ ክሩዝ ዝናቡ በአብዛኛው የሚጥለው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ናቸው። ለአፈሩ አፈጣጠር ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ዝናቡ የሚመጣው ፀሐይዋ ስትደክምና ተክሉ ብዙ ውሃ በማይጠጣበት ጊዜ ስለሆነ፣ ትርፉ ውሃ ሸክላ ተሸክሞ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጋ ሲገባ ያው ሸክላ በደረሰበት ጥልቀት ይደርቃል፣ በአሸዋው ቅንጣትና በሥር ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በየዓመቱ አንድ ስስ ቅብ ማለት ነው።

«አርጂ» ይህንኑ ትመሰክራለች፤ ከላቲን «አርጂላ»፣ ነጭ ሸክላ፣ የመጣች ናት፤ ከላይ የወረደ ሸክላ የተጠራቀመበት አርጂሊክ የተባለ ንብርብር መኖሩን ትናገራለች። ደንቡ ግልጽ ነው፦ የላይኛው ንብርብር ሸክላ ከ15 እስከ 40 በመቶ ከሆነ፣ የሥረኛው ቢያንስ 1.2 እጥፍ መሆን አለበት፤ ከላይ 20 በመቶ ካለ ከታች 24 ይጠበቃል። ከላይ ከ15 በታች ከሆነ 3 በመቶ ጭማሪ ይበቃል። ጭማሪው የወረደ ሸክላ መሆኑን ግን ማየት ያስፈልጋል። ከጉድጓዱ ግድግዳ አንድ ጓል ነቅለው በእጅ ሰብረው ወደ ብርሃን ያዙሩት፤ የጓሉ ገጽ በቅባት የታሸ ይመስል ለስልሶ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ በማጉያ መነጽርም ሲያዩት በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል እንደ ድልድይ የተዘረጋ ቡናማ ቅብ ካለ፣ አርጂሊኩን አገኙት።

«ፓኪክ» ወፍራም ማለት ነው፤ ጥቁሩ የላይኛው ንብርብር 50 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ እንደሚወፍር ይገልጻል። ለገበሬ ከስሙ ሁሉ ደስ የምታሰኝ ቃል እሷ ናት ባይ ነኝ። «ሚክስድ» ከማዕድናቱ አንዱ ብቻውን እንደማይገን፣ «ሱፐርአክቲቭ» ደግሞ ሸክላው ንጥረ ነገር የመያዝ አቅሙ ከብዛቱ ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛ መሆኑን ይናገራሉ፤ ይህን የመያዝ አቅም፣ በሙያው ስሙ የካታዮን ልውውጥ አቅም፣ በኪሎግራም አፈር በሴንቲሞል ለክተው ለሸክላው መቶኛ ሲያካፍሉት 0.60 ወይም ከዚያ በላይ ይመጣል። 25 በመቶ ሸክላ ያለው አፈር በኪሎግራም 15 ሴንቲሞል ወይም የበለጠ ይይዛል ማለት ነው፤ እጅግ ያረጁና የታጠቡ ቀይ አፈሮች ከዚህ በብዙ ያንሳሉ። «ተርሚክ» የአፈሩ አማካይ ዓመታዊ ሙቀት ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑንና በበጋና በክረምት መካከል ቢያንስ የ6 ዲግሪ ልዩነት መኖሩን ያመለክታል። ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦሪገን ጠረፍ ሲሄዱ ጉሙና ቀዝቃዛው ባሕር ልዩነቱን ያጠፉትና ስሙ «አይሶሜሲክ» ወደሚል ይቀየራል፤ እዚያ ያሉት ውሃን በደንብ የሚያንጣፍፉ የእርከን ሎሞችም ከሞሊሶል ይልቅ ወደ አሲዳማነት ያደሉ ናቸው።

በለመዱት ምደባ ኤልክሆርን ሉቪክ ፌዮዜም ነው፤ ጥቁሩ ንብርብር ስለሚወፍር ፓኪክ የሚለው ቅጽል እዚያም ይጨመርለታል። «ሉቪክ» እዚያ የምትሠራው ሥራ «አርጂ» እዚህ ከምትሠራው ጋር ይመሳሰላል። በፋኦው ስም የሚጎድለው የአየሩ ጠባይ ነው፤ የዓለም አቀፉ ምደባ የአየር ንብረትን ከስም ውስጥ ሆን ብሎ ስለሚያወጣ «ዜር» እና «ተርሚክ» የነገሩንን በሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ይላል።

ወደ ጥጉ እንመለስ። ዋትሰንቪል የተባለው አፈር በአሜሪካው ምደባ ዜሪክ አርጂያልቦል ነው። «አልብ» ነጭ ማለት ናት፤ ከጥቁሩ አፈር በታች ቀለሙ የታጠበ፣ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ንብርብር አለ፤ ከእሱ ሥር ሸክላው በድንገት ይጀምራል። መደቡ ፋይን-ሎሚ ሳይሆን «ፋይን» ነው፣ ሸክላው የሚያብጥና የሚኮማተር ዓይነት ሆኖ ውሃ እጅግ ቀስ ብሎ ያልፍበታል፤ በማንጣፈፍ ደረጃም ከመካከለኛው ወረድ ይላል። ለእርስዎ ቋንቋ ቅርቡ ስም ፕላኖሶል ነው። በጅማ ዙሪያ፣ በጊልገል ጊቤ ተፋሰስ ያለውን፣ ከላይ ግራጫና ልል፣ ከሥር ጥቁር ሸክላ የሆነውን አፈር ካዩ የዋትሰንቪልን የቅርብ ዘመድ አይተዋል።

ልዩነቱን ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተማረኝ መሰርሰሪያ ነው። በአንድ ክረምት፣ ሁለት ቀን ከጣለ ዝናብ በኋላ፣ በአንድ እርከን ላይ በሠላሳ እርምጃ ርቀት ሁለት ቀዳዳዎች ሰረሰርን። በመጀመሪያው መሰርሰሪያው ጥቁር አሸዋማ ሎም እያወጣ እስከ ግማሽ ሜትር ወረደ፤ ከዚያ ቀለሙ ወደ ቡናማ እየፈካ፣ እጅ ላይም ሙጫነቱ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ ሄደ፤ ሸክላው የት እንደጀመረ ጣቴን አስቀምጬ ማሳየት አልችልም ነበር። በሁለተኛው የላይኛው 40 ሴንቲሜትር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ከዚያ ዱቄት የመሰለ ነጣ ያለ አፈር ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ፤ ቀጥሎ መሰርሰሪያው ቀጥ አለ። ሁለታችን ተደግፈን ስናዞረው ያወጣው ሸክላ እንደ ቀንድ የለሰለሰ፣ በውስጡ የዝገትና የአመድ ቀለም የተዘበራረቀበት ነበር፤ በጣቴ መካከል ስጠፈጥፈው ከአምስት ሴንቲሜትር በላይ ሳይበጠስ ተዘረጋ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቀዳዳው ውስጥ ውሃ ቆሞ ነበር። በመጀመሪያው ቀዳዳ ጠብታ አልነበረም። ከላይ ሲታይ ግን ማሳው አንድ ሣር የለበሰ አንድ ሜዳ ነበር።

ያ የዝገትና የአመድ ቀለም ከሁሉም የታመነ ምስክር ነው። አፈር ውሃ ሞልቶት አየር ሲያጣ፣ በውስጡ ያሉ ረቂቃን ሕዋሳት ብረቱን ወደሚሟሟ መልኩ ይለውጡታል፤ ብረቱ ከሸሸበት ቦታ አመድማ ግራጫ ይቀራል፣ አየር ባገኘበት ቦታ ደግሞ ዝገት ሆኖ ይጠራቀማል። በነሐሴ ማሳው እንደ ድንጋይ ቢደርቅ እንኳ ቀለሙ አይጠፋም፤ ስለዚህ መሬት ለማየት በበጋ የሄደ ሰውም የክረምቱን ውሃ ማንበብ ይችላል።

እንዲህ ያሉ ሁለት አፈሮች ለምን በአንድ እርከን ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ? አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው፤ ሌላው ቦታው በእርከኑ ላይ ያለው አቀማመጥ። ጊዜ የሚሠራውን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ከዚህ በስተሰሜን በሜንዶሲኖ ጠረፍ፣ ጃግ ሃንድል በተባለው ጥብቅ ሥፍራ ያለው ባለ አምስት ደረጃ ጠረፍ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ከታችኛው በ30 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ በ100,000 ዓመት ያህልም ይበልጣል። ከስዊዘርላንድ መጥቶ በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ሐንስ ዬኒ፣ አፈር የአየር ንብረት፣ የሕያዋን፣ የመሬት አቀማመጥ፣ የመነሻ ቁስና የጊዜ ውጤት መሆኑን በ1941 እ.ኤ.አ. በስሌት መልክ ያቀረበው ሊቅ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲወዳቸው ከኖሩት ቦታዎች አንዱ ይህ ነበር፤ ሌሎቹ ምክንያቶች ብዙ ሳይለያዩ ጊዜ ብቻውን የሠራውን በእግር ተጉዞ ማየት የሚቻልበት ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም። በዝቅተኛው ደረጃ ሣር የለበሰ ጥቁር አፈር አለ። በላይኞቹ ደረጃዎች ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ አፈሩ አመድ መስሎ ታጥቧል፣ አሲዳማነቱ ከ4 በታች ወርዷል፣ ግማሽ ሜትር አካባቢ ላይ በብረት የተጣበቀ ጠጣር ንብርብር ውሃውን ይዞት ይውላል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ ጥዶች ከሰው ቁመት ሳያልፉ ይቀራሉ። ከዚያው ሜዳ ጠርዝ ወርደው፣ ውሃው በሚያመልጥበት ተዳፋት ላይ ግን ሬድዉድ ዛፎች ሰማይ ጠቀስ ሆነው ቆመዋል።

አቀማመጥም የሚሠራው እንዲሁ ነው። የእርከኑ የፊት ጠርዝና በወንዝ ሸለቆ የተቆረጡት ጎኖቹ ውሃቸውን ወደ ገደሉ ስለሚለቁ አፈራቸው በደንብ ይንጣፈፋል። መካከለኛው ጠፍጣፋ ውሃው የሚሄድበት አቅጣጫ ያጣል። ከኋላ፣ በጥንቱ የባሕር ገደል እግር ሥር ያለው ጥግ ደግሞ ከላይኛው እርከን አለት ላይ ተንሸራቶ የሚወርደው ስርገት የሚወጣበት ነው። የእርስዎ ጥግ ከእነዚህ በየትኛው ላይ እንዳለ አልነገሩኝም፤ ከኮረብታው ጋር የሚያያዘው ከሆነ አልደነቅም።

ስለ ካርታው፣ የሳንታ ክሩዝ ካውንቲ የአፈር ጥናት የታተመው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ1 ለ24,000 በሚቀራረብ መጠን በተሠራ ካርታ ላይ ደግሞ ከሁለት ሄክታር ገደማ ያነሰን ቁራሽ ለይቶ መሣል አይቻልም። በአንድ ስም በታጠረ ክልል ውስጥ አጠቃቀምን የሚያውክ ሌላ አፈር እስከ 15 በመቶ ያህል ሊገባ እንደሚችልም የጥናቱ መመሪያ ራሱ ይፈቅዳል። ከሦስት ሄክታር 15 በመቶ ግማሽ ሄክታር አይሞላም፤ ምናልባትም ያዩት ጥግ ያህል ነው። ስለዚህ ካርታው ሐቀኛ ሆኖ ሳለ ማሳዎ ላይ የማይሠራበት ጥግ ሊኖር ይችላል፤ ይህን ሳይረዱ ሙሉውን በአንድ ዋጋ የሚከራዩ ሰዎችን አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ስትሮበሪ ደግሞ ይህን ስሕተት ይቅር የማይል ሰብል ነው። በዋትሰንቪል የሚተከለው በአብዛኛው በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ፣ ችግኙ እርጥቡን ወራት በሙሉ በመሬት ውስጥ ያሳልፋል፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ፋይቶፍቶራ ለሚባለው የሥርና የአንገት በሽታ ይጋለጣል። ከፍ ያለ የመትከያ መደብ ማውጣት ለኤልክሆርኑ ክፍል ይበቃል፤ ለዋትሰንቪሉ ጥግ ግን መደቡ የሚያንጣፍፈው ውሃ መሄጃ ከሌለው ቦዩ ኩሬ ይሆናል። ሸክላውን በጥልቅ ማረሻ ሰብረው እንዲያስተካክሉት የሚመክርዎት ይኖራል፤ ያ ሸክላ ሲርስ ስለሚያብጥ የተሰበረው መልሶ ይገጥማል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ወጪው ከንቱ ይሆናል። ጥጉን ለሣር ወይም በበጋ ለሚዘራ አትክልት መተው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በደንብ የሚንጣፈፈው ክፍልም የራሱ ጠንቅ አለው፤ ላዩ አሸዋማ ስለሆነ ተዳፋት ባለበትና መደቡ በፕላስቲክ በተሸፈነበት ማሳ የክረምቱ ጎርፍ በቦዮቹ ውስጥ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ቦዮቹን በተዳፋቱ አቅጣጫ ቁልቁል አያውጧቸው፣ መጨረሻቸውም ላይ ሣር ያብቅሉ።

ከመፈረምዎ በፊት ባለቤቱን አስፈቅደው ሦስት ቀዳዳ ይሰርስሩ፤ አንዱን በጥጉ፣ አንዱን በመሐል፣ አንዱን በባሕሩ በኩል ባለው ጠርዝ። ቢቻል አንድ ሜትር ተኩል ይግቡ፣ ባይቻል ከአንድ ሜትር አይጉደል። የሚወጣውን አፈር በየ20 ሴንቲሜትሩ በላስቲክ ላይ ደርድረው ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ጥቁሩ ቀለም የት እንደሚያልቅ፣ በእጅ ሲጠፈጠፍ የሚዘረጋው ርዝመት በየትኛው ጥልቀት እንደሚጨምርና ጭማሪው በድንገት እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ፣ ግራጫና ዝገት የመጀመሪያ የታየበትን ጥልቀት። ግራጫው ከላይ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ድረስ ካልታየ ኤልክሆርንዎ ኤልክሆርን ነው። 50 ሴንቲሜትር ጥልቀት ሳይደርሱ ከታየ ግን ያንን ክፍል በሌላ ዋጋ ይነጋገሩበት። የሦስቱን ቀዳዳዎች ጽሑፍ ጥጉ ከኮረብታው ካለው ርቀት ጋር ቢልኩልኝ፣ የየትኛው አፈር ወሰን የት ላይ እንደሚያልፍ አብረን እናሰምራለን።